ፖስትፒል፦ ጥሩ መድኃኒት፣ ችኩል ሽያጭ

ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ፋርማሲዎች ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጠየቅ ዕቃ ቢኖር ፖስትፒል ነው። የታሸገ ውሃ ሁሉ ሃይላንድ እንደሚባለው፣ በከተማችን ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒንም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ምንም ይሁን ምን ፖስትፒል ይባላል። እዚህ የምንመዝነውም ሌቮኖርጀስትሬል የተባለውን ሆርሞን የያዙትን ክኒኖች በሙሉ ነው፤ ሥራቸውም ድክመታቸውም አንድ ነው።

ፍርዳችንን ቀድመን እንናገር። መድኃኒቱ ለተሠራበት ጉዳይ ጥሩ ነው፤ ከ5 አራት ይገባዋል። አሻሻጡ ግን ከሁለት አያልፍም። ብር ይሰጣል፣ ካርቶኗ በጥቁር ፌስታል ትጠቀለላለች፣ ገዢዋ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች። በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ መነገር የነበረባቸው ነገሮች ሳይነገሩ ይቀራሉ። በኋላ “ዋጥኩ፣ አልሠራልኝም” የምትለው ሴት ብዙ ጊዜ የተጎዳችው ባልተነገራት ነገር ነው።

መጀመሪያ ካርቶኑን እንክፈተው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ 1.5 ሚሊግራም ያላት አንዲት ፍሬ ይይዛል። ሌላው እያንዳንዳቸው 0.75 ሚሊግራም የሆኑ ሁለት ፍሬዎች አሉት። የድሮው መመሪያ ሁለቱን ፍሬዎች በ12 ሰዓት ልዩነት ዋጡ ይል ነበር፤ ዛሬም “አንዱን አሁን፣ አንዱን ጠዋት” የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዋጥ ግን እኩል ይሠራል፣ ሁለተኛዋን ረስቶ ወይም ተኝቶ ማሳለፍንም ያስቀራል። ስለዚህ ሁለት ፍሬ ከሆነ ሁለቱም አሁኑኑ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ።

የማብቂያ ቀኑን ማየት አይረሳ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ 2026 የሚለውን በእኛ አስልቶ ገና ስምንት ዓመት አለው ብሎ የሚረጋጋ ገዢ ይሳሳታል። ፍሬዋ ያለችበት የአልሙኒየም ሽፋን ያልተቀደደና ያልተነፋ፣ ጽሑፉ በግልጽ የሚነበብ መሆን አለበት። መድኃኒቱ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ ስላለበት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው መስተዋት ውስጥ ተደርድሮ የከረመ ካርቶን አይመረጥም። አጠራጣሪ መድኃኒት ያጋጠመው ሰው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን በ8482 መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ክኒኑ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ። ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን መመሪያ ሁሉ በራሱ ሊገምተው ይችላል።

ከማህፀን ግራና ቀኝ ሁለት እንቁልጢዎች አሉ። በየወር አበባ ዑደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዳቸው አንዲት እንቁላል ትለቀቅና ወደ ማህፀን ቱቦ ትገባለች። እዚያ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ ዘር በተቃራኒው በሴቷ የመራቢያ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ዘሩ ነው፤ እንቁላሏ ገና አልወጣችም። ክኒኑ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። እንቁላል እንድትለቀቅ የሚያደርገው ኤልኤች የሚባል ሆርሞን ነው፤ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ ይመነጭና በዑደቱ መካከል በድንገት ከፍ ይላል። ሌቮኖርጀስትሬል ይህ ሆርሞን ከፍ እንዳይል ያዘገየዋል። እንቁላሏ ስትዘገይ የጠበቃት ዘር ዕድሜው ያልቃል።

ኤልኤች አንዴ መጨመር ከጀመረ ግን ክኒኑ አይመልሰውም፤ እንቁላሏ ከወጣች በኋላማ ጨርሶ አይረዳም። የተፀነሰ ነገር ካለም አያስወርድም፤ ሳታውቅ አርግዛ የዋጠች ሴት ፅንሱን አይጎዳባትም። ውርጃ ነው እያሉ በፍርሃት ሳይወስዱት የሚቀሩ ሴቶች አሉ። ይህ ስሕተት ያሳዝነናል፤ ትክክለኛውን መልስ መናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅምና።

የሰዓቱ ጉዳይም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ካርቶኑ ላይ “በ72 ሰዓት ውስጥ” ይላል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ሦስት ቀን አለኝ ብሎ ይዝናናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ሰፊ ጥናት፣ ክኒኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ሊፈጠር ይችል ከነበረው እርግዝና 95 በመቶውን ከልክሏል። ከ25 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ 85 በመቶ፣ ከ49 እስከ 72 ሰዓት 58 በመቶ ሆኗል። ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ለተፈጸመ ግንኙነት 72 ሰዓቱ የሚሞላው ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት በወሰደችውና ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ በወሰደችው መካከል ያለው ልዩነት ግን ከላይ የተጻፈው ነው። ከ72 ሰዓት በኋላም እስከ 120 ሰዓት ድረስ የተወሰነ ጥቅም አለው፤ ያን ያህል ከዘገየች ግን ክኒኑን ትታ ማህፀን ውስጥ ወደሚቀመጠው፣ ከታች ወደምናነሣው ሉፕ ብትሄድ ይሻላታል።

እሑድና የበዓል ቀን ሰፈር ያለው ፋርማሲ ዝግ ሊሆን ይችላል። ፒያሳም ነባሩ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ የለመዱትን ሱቅ በቦታው ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ጊዜ በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲ፣ በዘውዲቱና በምኒልክ ሆስፒታሎች ዙሪያ ያሉትን ፋርማሲዎች መሞከር ነው፤ የከተማው አስተዳደር የከነማ ፋርማሲዎችም አሉ። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ ሁለት ቦታ መጠየቅ አይከፋም፤ ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲባል ግን ግማሽ ቀን አይባክን።

ጾም ነው ብላ እስከ 9 ሰዓት የምታቆይ ሴት ስድስትና ሰባት ውድ ሰዓት ታጣለች። በረመዳን ደግሞ ሌሊት እጁ የገባ ክኒን በዚያው ሌሊት ቢዋጥ ጥሩ ነው። በባዶ ሆድም ይሠራል፤ ትንሽ ምግብ የሚጠቅመው ማቅለሽለሹን ለማስታገስ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካምና የጡት ሕመም ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ከዋጠች በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳት ግን ክኒኑ ወደ ደም ሳይገባ ወጥቷል ማለት ነው፤ ሌላ ካርቶን ገዝታ እንደገና መዋጥ አለባት። ከ2 ሰዓት በኋላ ካስመለሳት መድገም አያስፈልግም።

በባንኮኒው ላይ ከሁሉ በላይ የሚዘለለው የሌሎች መድኃኒቶች ጉዳይ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ ሰባብሮ እንዲያስወግደው ያደርጋሉ። በአገራችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ዋና መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን አንዱ ነው። ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኢፋቫይሬንዝ፣ ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ካርባማዜፒን፣ ፊኒቶይንና ፊኖባርቢታል እንዲሁ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን የምትወስድ ወይም ካቆመች 4 ሳምንት ያልሞላት ሴት የምትወስደው መጠን እጥፍ፣ ማለትም 3 ሚሊግራም ነው፤ ካልሆነም ሉፕ ይሻላታል። ሌላው የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ግን ይህን ችግር አያመጣም። እንደ አሞክሳሲሊን ያሉ ተራ አንቲባዮቲኮችም አያውኩትም፤ በከንቱ የሚፈሩ ናቸው።

ክብደትም እንዲሁ። ሰውነት ሲገዝፍ በደም ውስጥ የሚገኘው የሆርሞን መጠን ያንሳል። የእንግሊዝ ባለሙያዎች መመሪያ ከ70 ኪሎ በላይ ለሆነች ሴት 3 ሚሊግራም እንዲሰጥ ይመክራል። ሴትን ክብደቷን መጠየቅ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ፋርማሲስቱ ዝም ይላል። “መጠኑ በክብደት ይለያያል፣ ከ70 በላይ ነሽ?” ብሎ ምክንያቱን ቢያስቀድም ግን ማንም አይቆጣም።

ስለዚህ በጥሩ ፋርማሲ ምን መጠበቅ አለባት? መጀመሪያ፣ ሌላ ደንበኛ በሌለበት ጥግ ዝቅ ባለ ድምፅ መነጋገር መቻል። ቀጥሎ አራት ጥያቄዎች፦ “እህቴ፣ ግንኙነቱ መቼ ነበር? የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ መጣ? የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ? ከዚያ በፊትስ በዚሁ ወር ያለ መከላከያ ግንኙነት ነበር?” ይህን የሚጠይቅ ፋርማሲስት ሊመክር እንጂ ሊፈርድ አይደለም። “ባለትዳር ነሽ?” ብሎ የሚጀምር ግን ለመድኃኒቱ የማያስፈልገውን ነገር እየጠየቀ ነውና መልስ አይገባውም፤ ሌላ ፋርማሲ መሄድ ነው። ሊገዛ የመጣው ወንዱ ከሆነ፣ እንደዚያም ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ የአራቱን ጥያቄዎች መልስ ከእሷ ይዞ ይምጣ። ስልክ ደውሎ ከእሷ ጋር ማገናኘት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

የወር አበባው ጥያቄ ሲነሣ አንድ ነገር እናክል። ብዙዎች ዑደታቸውን በቀን ስም ይቆጥራሉ፤ “በ5 መጥቶ በ5 ይመለሳል” ይላሉ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ይህች ሴት ዑደቷ 30 ቀን ነው። ስልኳ ላይ የጫነችው አፕ ግን 28 ብሎ ይጀምርላታል። በጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ተጨምሮ ሂሳቡ ይዛባል። እንቁላል የምትለቀቀው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው፤ ዑደቷ 28 ለሆነ በ14ኛው ቀን፣ 35 ለሆነ በ21ኛው ቀን አካባቢ። ይህ ግምት ነው። ጭንቀትና ሕመም ያዛንፉታል። ስለዚህ “አስጊው ቀን አልፏል” በሚል ስሌት ብቻ ክኒኑን መተው አይበጅም።

ክኒኑ ከተዋጠ በኋላ የሚሠራው ስሕተት ከሁሉ የከፋው ነው። እንቁላሏን ያዘገያታል ብለናል። የዘገየች እንቁላል ግን አልቀረችም፣ ከቀናት በኋላ ትመጣለች። ስለዚህ እሑድ ወስዳ ረቡዕ ያለ መከላከያ ግንኙነት ያደረገች ሴት ራሷን ለባሰ አደጋ ልታጋልጥ ትችላለች። የእሑዱ ክኒን ለረቡዕ አይሆንም። የዘወትር መከላከያ ክኒን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መጀመር ትችላለች፤ ሁለት ሆርሞን ያለው ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ኮንዶም ይጨመርበት።

ኮንዶም ሲገዛ ቀኑን ማየት፣ እሽጉን በጣት ተጭኖ በውስጡ አየር መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አየር ከሌለው ተበስቷል። በጥርስ ሳይሆን በጠርዙ ካለው መቅደጃ ይከፈታል። ጫፉ በሁለት ጣት ተይዞ አየሩ ከወጣ በኋላ በቆመ ብልት ላይ እስከ ሥሩ ይዘረጋል፤ ሲወጣም ብልቱ ሳይለዝብ ሥሩን ይዞ ነው። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባትና የምግብ ዘይት ላቴክሱን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳሱታል፤ ማለስለሻ ካስፈለገ ውሃ ላይ የተመሠረተ ይሁን። ሁለት ደርቦ ማድረግ ሰበቃውን ጨምሮ ያስቀድደዋል።

“ደጋግሜ ከወሰድኩት መሃን ያደርገኛል?” አያደርግም። ክኒኑ ከሰውነት በቀናት ውስጥ ይወጣል፤ የመውለድ አቅምን አይነካም። በአንድ ዑደት ውስጥ ሁለት ጊዜ መውሰድም ለጤና አደገኛ አይደለም። ደጋግሞ መውሰድን የምንቃወመው ሌላ ምክንያት ስላለን ነው። የወር አበባዋ ይዘበራረቃል፣ መሃል ላይ ደም ይፈሳታል፣ በየጊዜው ገንዘብ ትከፍላለች፣ ያም ሆኖ ጥበቃዋ ከዘወትሩ መከላከያ ያነሰ ነው። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ፖስትፒል የምትገዛ ሴት የምትፈልገው የዘወትር መከላከያ ነው፤ ይህን ሊነግራት የሚችለው ደግሞ በየጊዜው የሚሸጥላት ሰው ነው። በአንድ ዓመት ከ100 ተጠቃሚዎች መካከል የሚያረግዙት በዘወትር ክኒን 7 ገደማ፣ በሦስት ወር መርፌ 4 ገደማ ናቸው። በክንድ ቆዳ ሥር በሚቀበረውና በሉፕ ከአንድ በታች ነው። በክኒንና በመርፌ ቁጥሩ ከፍ የሚለው በመርሳትና ቀን በማሳለፍ ነው። ክንድ ላይ ከተቀበረውና ማህፀን ውስጥ ካለው ጋር የሚረሳ ነገር የለም።

ከፋርማሲ ወጥተን ወደ ጤና ጣቢያ እንሻገር፤ የዚህ ግምገማ ትልቁ ቅሬታ እዚህ ነውና። ለድንገተኛ ጉዳይ ከፖስትፒል የሚበልጥ ነገር አለ፤ ባለ መዳብ ሉፕ። ግንኙነት ከተፈጸመ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከ99 በመቶ በላይ ይከላከላል። ክብደት አያዳክመውም፣ ሪፋምፒሲንም አይነካውም። በዚያው እስከ 12 ዓመት ያገለግላል፤ ባስፈለገ ጊዜ ሲወጣ የመውለድ አቅም ወዲያው ይመለሳል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነፃ ነው። ባንኮኒው ላይ ግን ስሙ አይነሣም።

ሰዓቱን እናስላ። ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከነበረ 5 ቀኑ ሐሙስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሞላል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት የሥራ ቀን አለ ማለት ነው። ክኒኑን እሑድ ውጣ ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ብትሄድም ሉፑ ይገባላታል። ካርድ ክፍል “የቤተሰብ ምጣኔ” ማለት ይበቃል፤ የባል ፈቃድ አይጠየቅም፣ ያላገባችም ያልወለደችም ትስተናገዳለች።

አገባቡ ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ እርግዝናና ኢንፌክሽን አለመኖሩን ታረጋግጣለች። ከዚያ ብልትን ከፈት አድርጎ በሚይዝ መሣሪያ የማህፀን በርን አይታ ታጸዳለች፤ የማህፀኑን ጥልቀት በቀጭን ዘንግ ትለካለች። የቲ ፊደል ቅርጽ ያለውን ሉፕ ክንዶቹን አጥፋ በቀጭን ቱቦ ታስገባና ክንዶቹ ውስጥ እንዲዘረጉ ታደርጋለች። ከሉፑ ጫፍ የሚወርደውን ክር 3 ሳንቲሜትር ያህል አስቀርታ ትቆርጠዋለች። ጥልቀቱ ሲለካና ሲገባ እንደ ከባድ የወር አበባ ቁርጠት ያማል፤ ቀድሞ አይቡፕሮፌን መውሰድ ከገባ በኋላ የሚቀጥለውን ቁርጠት ሊያስታግስ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባው ሊበዛና ሊረዝም ይችላል፤ ደም ማነስ ያለባት ሴት ይህን ቀድማ ትናገር። ሉፑ ራሱን ገፍቶ ከወጣም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ስለዚህ ከየወር አበባው በኋላ በታጠበ ጣት ክሩን መዳሰስ ይገባል። ክሩ ከጠፋ፣ ከረዘመ፣ ወይም ጠንካራ ጫፍ ከተሰማ እስኪታይ ድረስ ኮንዶም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ትኩሳትና የታችኛው ሆድ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል።

ክኒኑም ሉፑም ኤችአይቪን፣ ጨብጥንና ቂጥኝን አይከላከሉም። ለኤችአይቪ ተጋልጫለሁ የሚል ሰው ሌላ 72 ሰዓት አለው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታሎች ይሰጣል። ግንኙነቱ በግዳጅ የተፈጸመ ከሆነ ደግሞ ከፋርማሲ ይልቅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይበጃል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተጠቂዎች ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ ማስረጃን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው፤ ከተቻለ ሳይታጠቡና የለበሱትን ልብስ ይዞ መሄድ ነው።

ፖስትፒል የወሰደች ሴት የወር አበባዋ እስከ አንድ ሳምንት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ከሳምንት በላይ ከዘገየ፣ ወይም ከግንኙነቱ 21 ቀን ሲሞላ፣ የሽንት ምርመራ ማድረግ አለባት። ከዚያ በፊት የሚደረግ ምርመራ “የለም” ቢል አያስተማምንም። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሁን፤ ውጤቱም መግለጫው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ይነበብ። ሁለተኛው መስመር ደብዛዛ ቢሆንም መስመር ነው፣ እርግዝና አለ። የወር አበባው ቀርቶ ወይም ጥቂት ደም ብቻ ታይቶ በአንድ ጎን የታችኛው ሆድ ከባድ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ላይ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።